ገናን ገንዳ ወሰደብኝ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 19 ዓመቷ ነው፤ ፔንስልቬንያ ኮሌጅ ገብታ ሁለተኛ ዓመት ሆናለች። ዋናተኛ ናት፤ በዚያው በዋናው ከፊል ስኮላርሺፕ አላት፤ ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ ነው ይላሉ። ፈተናዋን ጨርሳ ዲሴምበር 18 ቤት ትገባለች፤ ዲሴምበር 27 ተመለሽ ተብላለች። ከዚያ ቡድኑ በሙሉ ፍሎሪዳ ሄዶ እስከ ጃንዋሪ 9 ይሠለጥናል። ገናችን ደግሞ ጃንዋሪ 7። አምናም አልነበረችም፤ «ለከርሞ አለሁ» ብላኝ ነበር። ፈረንጆቹ የራሳቸውን ገና ከእናት ከአባታቸው ጋር አክብረው ነው የሚሄዱት፤ የእኔ ልጅ ብቻ በዓሏን ውኃ ውስጥ ታሳልፈው?

ጾሙን ከእኛ ጋር ኅዳር 15 ይዛለች። አባቷ «እንዲህ እየደከመች ምን ያስጾማታል» ይላል፤ እኔ ደግሞ ተዪው ለማለት አፌ አልደፈረም። ለታንክስጊቪንግ መጥታ ስታድር ፊቷ ገርጥቷል፤ እስከ እኩለ ቀን ተኝታ ዋለች። በስልክ ለጓደኛዋ «ማቆም እፈልጋለሁ» ስትል ሰማኋት። ለእኔ ምንም አላለችኝም። እውነቱን ልንገርዎትና መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ስኮላርሺፑ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ። ለአሰልጣኙ ደውዬ ልናገረው ወይስ ዝም ልበል? ስትወዳደር አንድም ቀን ሄጄ አይቻት አላውቅም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ነኝ።

ሌላው ደግሞ ፀጉሯ በክሎሪን አለቀ። ቅቤ ብቀባት ይሻላት ይሆን?

እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦

እህቴ፣ የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፦ ለአሰልጣኙ አትደውዪ። እዚህ አገር 18 የሞላው ተማሪ ለኮሌጁ ራሱን የቻለ ሰው ነው። ስለ ጤናዋ ብትጠይቂ ያለ እሷ ፈቃድ አይነግሩሽም። ስለ ልምምዱ ብትከራከሪ በትሕትና ሰምተውሽ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሚጠሩት እሷን ነው። ያኔ በጓደኞቿ ፊት የምትሸማቀቀው ልጅሽ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የልቧን ትነግረኛለች ብለሽ አትጠብቂ። አሁንም ቢሆን ለጓደኛዋ የነገረችውን ለአንቺ አልነገረችሽም።

ቅሬታሽ ግን ልክ ነው፤ አላድበሰብሰውም። «ዲሴምበር 27 ተመለሱ» የተባለው ዲሴምበር 25ን አስልቶ ነው። የእነሱ በዓል ተከብሮ ያልቃል፣ የእናንተው ግን በሥልጠናው ካምፕ መሐል ላይ ይወድቃል። ብቻ ክፋት አይምሰልሽ። ያ አሰልጣኝ ጃንዋሪ 7 ገና የሚያከብር ሰው በቡድኑ ውስጥ እንዳለ ማን ነገረው? ልጅሽ ነግራው ቢሆን በደብዳቤሽ ውስጥ ባገኘሁት ነበር። በመዋኛ ገንዳ ዳር ብቸኛዋ ሐበሻ ሆኖ፣ ምናልባትም ብቸኛዋ ጥቁር ሆኖ፣ «የእኔ በዓል ሌላ ቀን ነው» ብሎ እጅ ማውጣት በ19 ዓመት ቀላል አይደለም። አምና «ለከርሞ አለሁ» ያለችሽም የምትፈጽመውን ቃል ስለሰጠች ሳይሆን ያን ሰዓት የምትመልሰው ስላጣች ይመስለኛል።

ለምን የግድ በዕረፍት ጊዜ ይሠለጥናሉ ካልሽ፣ ነገሩ የሰዓት ሕግ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በዲቪዚዮን አንድ ትምህርት ባለበት ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ደግሞ ከ4 ሰዓት እንዳያልፍ ገድቧል። (የውድድር ቀን ምንም ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ቅዳሜን ሙሉ ገንዳ ዳር ተቀምጦ የዋለ ወላጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል።) ትምህርት ሲዘጋ ግን ያ የሰዓት ገደብ ይነሣል። ክፍል የለ፣ ፈተና የለ፣ የቡድን ሥራ የለ። አሰልጣኙ ዓመቱን ሙሉ በዓይኑ ሲጠብቃቸው የነበሩት ሁለት ሦስት ሳምንታት እነዚህ ናቸው፤ በፌብሩዋሪ ለሚደረገው የኮንፈረንስ (በአንድ ምድብ ያሉ ኮሌጆች) ሻምፒዮና የሚሆነው ጉልበት በአብዛኛው የሚጠራቀመው እዚህ ነው። የእኛ ሯጮች ለኦሊምፒክ ሲዘጋጁ አዲስ አበባ ውስጥ የገዛ ቤታቸውን ትተው ሆቴል እንደሚገቡት ያለ ነገር ነው፤ ያኔ «በዓሉን ከልጆቿ ጋር ለምን አላከበረችም» ብለን አንጠይቅም።

ፍሎሪዳውም ለሽርሽር አይደለም። ልማዱ የቆየ ነው፦ በ1930ዎቹ አጋማሽ ኮልጌት የተባለው የኒው ዮርክ ኮሌጅ የዋና ቡድን ብርዱን ሸሽቶ ፎርት ላውደርዴል፣ ካዚኖ ፑል የሚባለው ገንዳ ሄዶ ሠለጠነ። ሌሎች ኮሌጆችም ተከተሉ፤ የገና ሰሞን የዋናተኞች መናኸሪያ ሆነ። ዛሬ ወጣቱ ባሕር ዳሩን የሚያጥለቀልቅበት «ስፕሪንግ ብሬክ» ራሱ ከእነዚያ ዋናተኞች ተነሣ ይባላል። ቢራውና ጭፈራው ለተከታዮቹ ደረሰ፤ ለዋናተኞቹ የቀረላቸው ገንዳው ነው።

የእህቴ ልጅ ኮሌጅ እያለች ትዋኝ ስለነበር፣ አንድ የአዲስ ዓመት ጥዋት ልምምዳቸውን ቆሜ አይቻለሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጨለማው ገና አልገፈፈም፤ ከውኃው እንፋሎት ይነሣል። አሰልጣኟ ነጭ ሰሌዳ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ 100 × 100። መቶ ያርድ፣ መቶ ጊዜ። ብዙ ቡድኖች የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት የሚቀበሉት በዚህ ነው። በ25 ያርድ ገንዳ ይህ ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ 400 ጊዜ መዋኘት ነው፤ ከ9 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። በየ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱ ሲነሡ ብቻውን ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መሐል ላይ የሚተነፍሱት ቀድመው በደረሱባት ጥቂት ሰከንድ ነው። ሲጨርሱ ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተቃቀፈም። ቁርስ ላይ የእህቴ ልጅ የዋና መነጽሩ ዓይኗ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶባት፣ ሹካዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። አጠገቧ ያለችው ልጅ ሹካውን ከእጇ አውጥታ ሳህኗ ላይ አስቀምጣላት መብላቷን ቀጠለች፤ ለእነሱ ብርቅ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ልምምድ አለ።

ይህን የምነግርሽ ልጅሽ እስከ እኩለ ቀን ስትተኛ ስንፍና ወይም ኩርፊያ እንዳይመስልሽ ነው። ሥልጠናው የታቀደው እንዲያደክም ነው። መጀመሪያ ሰውነትን ጥርግ አድርገው ያደክሙታል፣ ከዚያ ውድድሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምዱን ቀስ በቀስ ይቀንሱላቸዋል፤ «ቴፐር» ይሉታል። ያኔ ሰውነት ያጠራቀመውን ያወጣል። ስለዚህ ጃንዋሪ ውስጥ በሚደረጉ ግጥሚያዎች ሰዓቷ ዘግይቶ ብታዪ አትደንግጪ፣ «ይህን ሁሉ ደክመሽ ለዚህ ነው?» የሚለውንም ዋጪው።

«ማቆም እፈልጋለሁ» ወደሚለው ልምጣ። ዲሴምበር ላይ ይህን ያላለ የኮሌጅ ዋናተኛ ካለ አላየሁም። ከግማሽ ዓመቱ ትልቅ ውድድር ተመልሰው፣ ፈተና ተደራርቦባቸው፣ በጨለማ ገብተው በጨለማ ሲወጡ የሚወጣቸው ቃል ነው። ድካም እንጂ ውሳኔ ላይሆን ይችላል። ውሳኔም ሊሆን ይችላል። አንቺ ከበር ኋላ ሆነሽ የትኛው እንደሆነ ልታውቂ አትችዪም። እኔ ብሆን የምመክራት፣ ጤና የሚነካ ነገር ከሌለ በስተቀር፣ የፌብሩዋሪው ሻምፒዮና እስኪያልፍ እንዳትወስን ነው። ሰውነቱ አርፎ ሰዓቱ ሲሻሻል አይቶ «አሁንም አልፈልግም» ያለ ልጅ ከልቡ ነው፤ ያኔ ይሰማል።

የአንቺ ደስታ ግን ትንሽ ከነከነኝ። ማቆሟ ያስደሰተሽ ለእሷ ስለሚበጅ ነው ወይስ ገና ላይ ቤት ስለምትሆንልሽ? እሷ ይህን ወዲያው ነው የምታሸተው። ልጆቻችን ፊታችንን ከእኛ በላይ ያነቡታል። የልቧን ብታወጣልሽ «ተመስገን፣ ተይው!» ብለሽ ካቀፍሻት በሩን ዘጋሽው፤ «ስኮላርሺፑስ?» ብለሽ ከጮኽሽም ዘጋሽው።

ስለ ስኮላርሺፑ ደግሞ በሰው ወሬ አትመሪ። ዋና ሙሉ ስኮላርሺፕ በብዛት የሚታደልበት ስፖርት አይደለም፤ አሰልጣኙ በእጁ ያለውን ለብዙ ልጆች እየቆራረሰ ነው የሚሰጠው። ውሉ በሚጸናበት ጊዜ ውስጥ ሰዓቷ ስለዘገየ ብቻ አይቀንሱባትም። በገዛ ፈቃዷ ቡድኑን ከለቀቀች ግን ሊያቆሙት ይችላሉ። ስለዚህ ምንም ከመወሰኗ በፊት የፈረመችውን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ፤ እሷ ራሷ የኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ «ዋናውን ባቆም በቤተሰቤ ገቢ ምን ያህል ላገኝ እችላለሁ?» ብላ ትጠይቅ። ቁጥሩ ሲታወቅ ፍርሃቱ ግማሽ ይሆናል። ወይም እውነተኛ ይሆናል፤ ያም ቢሆን ማወቁ ይሻላል።

እንዴት ትጀምሪው? የሰማሽውን አታውጪው፤ የሰው ስልክ ያዳመጠ ሰው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሸነፋል። ከአየር ማረፊያ ወይም ከባቡር ጣቢያ ስታመጫት መኪና ውስጥ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ይወራል፣ አባትና ታናናሾች የሉም። «ሰውነትሽ እንዴት ነው?» ብለሽ ጀምሪ። «ዘንድሮ ከአምናው ይከብዳል?» በያት። ከዚያ ዝም። ዝምታው ቢረዝም ሬዲዮ አትክፈቺ። የምትመክሪው ነገር ከመጣብሽ እስከ ማግስቱ አሳድሪው።

አሁን ወደ ጾሙ። ባልሽ ፈራጅ አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም፣ እኔማ ከቶ። ልጅቱ የንስሐ አባት አላት ብዬ እገምታለሁ፤ ከሌላትም የእናንተው አሉ። እሷ ራሷ ትደውልላቸው፦ በቀን ሁለት ጊዜ እንደምትሠለጥን፣ በስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ ምን ያህል እንደምትደክም ሳትሸሽግ ትንገራቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፣ ለደከመ፣ ለአራስ መላ ያላት እናት ናት፤ «እስከዚህ ድረስ ጹሚ፣ ከዚህ ወዲያ ይፍታሽ» ማለት የእሳቸው ሥልጣን ነው። አንቺ ተዪው ለማለት አፍሽ ካልደፈረ አትበዪ፤ ግን በሚፈታት መንገድ ላይ አትቁሚባት።

እኔ የምችለው የምግቡን ነው። የምግቡ ዓይነት ሌላ፣ ሳይበሉ የሚቆዩበት ሰዓት ሌላ። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መራቁ ከታሰበበት ከዋና ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበሉ ዋናተኞች አሉ። ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ግን ከንጋት ጀምሮ 5 እና 6 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ ከሰዓት በኋላ ለሚደግም ሰው አይሆንም፤ ለንስሐ አባቷ በግልጽ መነገር ያለበትም ይኸው ነው። ሌላው ችግር መጠኑ ነው። ፈረንጅ ካፍቴሪያ ውስጥ የሚጾም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰላጣና የተጠበሰ ድንች በልቶ ይወጣል። ያ ለአንቺም ለእኔም አይበቃ፣ እንኳን ለዋናተኛ።

ስለዚህ ዲሴምበር 27 ስትሸኚያት ሻንጣዋ ውስጥ የሚገባውን አስቢበት። በሶ አሲዢያት፤ ማታ ጠርሙስ ውስጥ በማርና በውኃ በጥብጣ አስቀምጣ ጥዋት ከገንዳው በፊት ትጠጣዋለች፤ ከሚሸጡት የስፖርት መጠጦች ብዙዎቹ በሶን አይደርሱበትም ብል ወገንተኛ ትዪኛለሽ፣ ልሁን። ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ ለሁለቱ ልምምድ መሐል። ሽሮ ዱቄት፤ ሆቴሉ ወጥ ቤት ያለው ክፍል ከሆነ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ካፍቴሪያ ውስጥ ደግሞ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ቶፉውን፣ የአኩሪ አተር ወተቱን፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን ትፈልግ፤ ሩዝና ዳቦ አትፍራ። ልምምድ በጨረሰች በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ትቅመስ።

የገረጣው ፊቷ ግን በበሶ የሚታለፍ አይደለም። ቤት ባለችበት ሳምንት ወይም የኮሌጁ ክሊኒክ የደም ምርመራ ታድርግ፤ ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲን የሚባለውንም እንዲያዩላት ትጠይቅ፤ እሱ የተቀመጠውን ብረት ያሳያል። ሴት አትሌቶች ላይ የብረት እጥረት የተለመደ ነው። ቢታሚን ቢ12 ደግሞ ከአትክልት አይገኝም፤ ረጅም ለሚጾም ሰው መለካቱ አይከፋም። ክኒን ግን ውጤቱ ሳይታወቅ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትስጫት። አንድ ነገር አሁኑኑ ልታደርጊ ትችያለሽ፦ ቡናውንና ሻዩን ከምግቧ ለዩት። ቡናና ሻይ ከምስሩና ከጤፉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዱታል። በአንጻሩ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን ያግዛሉ። እንግዲህ የምስር ወጥ ከበላን በኋላ ወዲያው ረከቦት የምንዘረጋ ሰዎች ምን እንደምንሆን አስቢው።

የሚያሳፍረውን ጥያቄም ጠይቂ፦ የወር አበባዋ በጊዜው ይመጣል ወይ? እኛ እናቶች ይህን ለመጠየቅ ቃል እናጣለን፤ ልጆቹም ዋናተኛ ላይ መዘግየቱ ደንብ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዶቹ እንደውም ይመቻቸዋል። ደንብ አይደለም። ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ ሲገባበት የሚዘጋው አንዱ በር ነው፤ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በ2014 ሬድ-ኤስ ብለው ሰይመውታል። አጥንት ያሳሳል፣ ጉንፋን ያመላልሳል፣ ስሜትንም ያበላሻል። ቀኑን ሙሉ በዋና ልብስ መታየት ያለበት ስፖርት መሆኑን አትርሺ፤ ጾምን ምክንያት አድርጎ ምግብ የሚቀንስ ልጅም አለ፣ ለሃይማኖት የቆመ መስሎ ከመስታወት ጋር የሚጣላ። የወር አበባዋ ለወራት ቀርቶ ከሆነ፣ አጥንቷን እያመማት ከሆነ፣ ከጉንፋን ወደ ጉንፋን የምትዘዋወር ከሆነ፣ እንቅልፍ ያጣች ወይም ከዋናውም ውጪ ምንም የማያስደስታት ከሆነ፣ ቅድም «እስከ ፌብሩዋሪ ጠብቂ» ያልኩሽን እርሽው። ካምፑ ይቅር፣ ሐኪም ይቅደም። የመኖር ተስፋ የቆረጠ ቃል ከሰማሽባት ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ 988፣ የአሜሪካ የጭንቅ ጊዜ የእርዳታ ስልክ፣ ይደወላል፤ ቀንም ሌሊትም ያነሣሉ።

ስለ በዓሉ ደግሞ አሰልጣኙን የምታናግረው እሷ ናት፤ ግን አሁን፣ ቤት ከመምጣቷ በፊት፣ በጽሑፍ። ፍሎሪዳ ከገቡ በኋላ ጃንዋሪ 5 ማታ የሚነገር አይደለም። እንዲህ ያለ አጭር ነገር ይበቃል፦ «ኮች፣ የኦርቶዶክስ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ለእኔና ለቤተሰቤ ትልቅ በዓል ነው። በካምፑ ውስጥ ያለን የዕረፍት ቀን ወደዚያ ቀን ሊዛወር ይችላል? ካልሆነ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን እንድሄድና የጥዋቱን ልምምድ ከሰዓት በኋላ እንድተካ ይፈቀድልኝ።» ካምፕ ውስጥ አንድ ቀን ወይም ግማሽ ቀን ማሳረፍ የተለመደ ስለሆነ የማይቻል ጥያቄ አይደለም። የሚያድሩበት አካባቢ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ካለ ቀድማችሁ አጣሩ፤ ወስዶ የሚመልሳት ምእመን ይገኛል፣ ሰዎቻችን በዚህ አይታሙም። ሌሊቱን ቆማ አስቀድሳ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገንዳ እንዳትገባ ግን። አንዱን ትምረጥ።

አሰልጣኙ እምቢ ካለ? እምቢ ካለ ዘንድሮም ካምፕ ትሂድ እላለሁ። ስኮላርሺፕ ይዛ የገባችበት ነው፣ ጓደኞቿም ያሉት እዚያው ነው። የገናውን ቀን በቪዲዮ ደውላችሁ ታዩአታላችሁ፤ ዶሮውን እያሳያችሁ አታስለቅሷት እንጂ። ጃንዋሪ 9 ካምፑ ሲያልቅ ትምህርት እስኪጀመር ቀናት ካሏት ቤት ትምጣ፤ ከሌሏት ድፎውንና ወጡን ጭናችሁ ፔንስልቬንያ ውረዱ። ጾሙ ተፈትቷል፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የሚከለክል የለም። ለክፍል ጓደኞቿም እንጀራ ጨምሪ፤ ዋናተኛ ምን ያህል እንደሚበላ ስታዪ ይገርምሻል።

ቤት ባለችባቸው ዘጠኝ ቀናት እንግዳ አታብዢባት። አንድ ቀን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይምጣ፣ ሌላውን ተዪላት። አሰልጣኙ የሰጣትን ልምምድ በካውንቲው ገንዳ ትሠራ ይሆናል፤ ብቻዋን ስትሆን ትንፋሽ ይዞ ከውኃ በታች የመሄዱን ልምምድ እንዳትሞክረው። ጎበዝ ዋናተኛ ራሱን ስቶ የሚሰጥመው በዚህ ነው፤ የሚያየው ሰው ከሌለ አይተርፍም።

አንድ ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቂ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ነገር ስትጨነቂ ያን ነገር አንድም ቀን አላየሽውም። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ በኮሌጇ ግጥሚያ አይጠፋም፤ ፕሮግራሙ ድረ ገጻቸው ላይ ይወጣል፣ ብዙ ቦታ በነጻ ነው የሚገባው። ቀላል ልብስ ልበሺ፤ ውጪው በረዶ ቢሆንም ገንዳው ዳር ይሞቃል፣ ነጠላሽን ይዘሽ በላብ ትጠመቂያለሽ። በየትኛው መስመር እንደምትዋኝ ቀድመሽ ጠይቂያት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካፕ ስለሚያደርጉ የሰው ልጅ ስታጨበጭቢ እንዳትውዪ። ባልሽም ይምጣ። ስለ ጾሙ የተከራከራችሁትን ያህል ስለ ፍሪስታይል አውርታችሁ ታውቃላችሁ?

ፀጉሩ። ቅቤውን ከልምምድ በፊት አትቀቢያት፤ ካፑ ይንሸራተታል፣ ውኃውንም ያበላሻል፣ ሽታውም ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን በንጹሕ ውኃ በደንብ ታርሰው፤ የጠገበ ፀጉር የክሎሪኑን ውኃ ያን ያህል አይመጥም። ላዩ ላይ ኮንዲሽነር ቀብታ ካፑን ትድፋ፣ እንደወጣች ወዲያው ትታጠብ፤ ለዋናተኞች ተብሎ የተሠራ ሻምፑ አለ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ካፑ የሚጠብባት ከሆነ ለወፍራም ፀጉር ተብሎ የተሠራውን ሶል ካፕ ግዢላት። ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን በ2021፣ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ዋዜማ፣ አይፈቀድም ብሎት ብዙ ከተወቀሰ በኋላ በ2022 ፈቅዶታል። ቅቤውን ቤት ባለች ጊዜ፣ ገንዳ በማትገባበት ቀን ቀቢያት፣ ማን ይከለክልሻል። ከመሄዷ በፊት ሹሩባ የምትሠሪያት ከሆነም ቀጠን አድርገሽ ወደ ኋላ ውሰጂው፤ አናቷ ላይ አታከማቺው፣ አታጥብቂውም፤ ካፑ ለሁለት ሰዓት ሲጫነው ራስ ምታት ይሆንባታል።